ከመጋረጃው ወዲህ

ልጄ ቁርስ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእኔ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ብርጭቆ ውስጥ በወሸቀችው ስፖንጅ ላይ የማታውቃትን ሴት ማሕፀን ትሰፋ ነበር። እንደዚህ ነው የሚለማመዱት። ብርጭቆው ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፤ መርፌውን በረጅም መያዣ ይዛ ታወርዳለች፣ ከታች ትወጋለች፣ ታዞራለች፣ ክሩን ትቋጥርና ቋጠሮውን በሌባ ጣቷ ጫፍ እየገፋች እስከ ታች ድረስ ትልከዋለች። ክሩ የብርጭቆውን አፍ ከነካ ተሳስታለች ማለት ነው፤ ትፈታና እንደገና ትጀምራለች። ሻይዋ ቀዝቅዟል። ዳቦዋን አልነካችውም። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቷ፣ አራት ቦታ ያጠፍኩት ፎጣ ላይ፣ ወደ አንድ ጎኔ አዘንብዬ ተቀምጫለሁ። ስቀመጥ የኖርኩት እንዲህ ነው። ልጄ የሌላ ሰው እናት ስትቀመጥ አይታ ብቻ ምን እንዳለባት ከበር ላይ ታውቃለች ይላሉ፤ እኔን ስታይ ግን የምታየው እናቷን ነው።

ምን እንዳለብኝ አልደብቅም፤ በሰባ አንድ ዓመቴ ማንን አፍራለሁ? ማሕፀኔ ይወርዳል። ሳስል ይወርዳል፣ ባልዲ ሳነሣ ይወርዳል፣ ደረጃ ስወጣ ይወርዳል። በእጄ መልሼ አስገባዋለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሽንቴ ሲፈልግ ሳልጠራው ይመጣል፣ ሲፈልግ ደግሞ ብለምነውም እምቢ ይላል። ልጄ የምትማረው ይህንኑ ነው። ሰባት ዓመት ሐኪም ለመሆን፣ አራት ዓመት የማሕፀን ሐኪም ለመሆን፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፣ ከሴት ዳሌ ሥር ያለውን ወለል ለመጠገን፣ የወረደውን መልሶ ለመስቀል። ጎረቤት «ልጅሽ እስካሁን ምን ትማራለች?» ሲለኝ «ስፌት» ብዬ እገላገላለሁ። ለምን አልነገርሻትም የሚለኝ ካለ፣ እሱ ልጅ ወልዶ አያውቅም።

ይዤው ልቀበር ቆርጬ ነበር። ነገሩን ያበላሸው ሰዓት ሠሪው ነው። ከመንገዱ ጥግ፣ ከልብስ ቁም ሣጥን በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ደቅኖ የሚውል ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመቷ። ከአሥር ቀን በፊት፣ የሰው ሰዓት እንደፈታ፣ ቀና ሳይል፣ «ልጅሽ ሆስፒታል ነው የምታድረው፣ አንቺ ከግድግዳ ጋር ነው እራት የምትበዪው። እኔም ከግድግዳ ጋር። ሁለት ግድግዳ ምን ያደርግልናል?» አለኝ። አስብበታለሁ አልኩት። አሥር ቀን አሰብኩበት። ሰውየውን አልነበረም የማስበው፣ ሰውየው ጥሩ ነው፣ ሸሚዙ ንጹሕ ነው፣ ሲያወራ አይጮኽም። የማስበው ይህን ጉድ ይዤ ወደ ሰው ቤት እንዴት እንደምገባ ነው። እሱ አይጠይቀኝም፣ እኔም በሱቁ በር ሳልፍ ቶሎ ቶሎ እራመዳለሁ፣ ስራመድ ደግሞ ይወርዳል።

«እማዬ፣ ዛሬ እኮ ፈተናዬ ነው» አለች ልጄ ክሩን እየቆረጠች።

«ምን ብለው ይጠይቁሻል?»

«አይጠይቁኝም፣ ያዩኛል። ፕሮፌሰሩ አጠገቤ ቆሞ እኔ እሠራለሁ። ካለፍኩ ከነገ ጀምሮ ብቻዬን እንድቀድድ ይፈቀድልኛል።»

«ሰው ለመቅደድ ፈቃድ! ጎሽ።»

«እማዬ! ቀኑን ሙሉ ቀዶ ሕክምና ክፍል ነኝ፣ ስልክ አላነሣም፣ እንዳትጨነቂ።»

የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። እሷ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ተዘግቶባት ስትውል፣ እኔ እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት ካለው የሴቶች ክሊኒክ ገብቼ፣ ለማያውቀኝ ሰው አሳይቼ፣ ቢበዛ ማሕፀን ደግፎ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት አስደርጌ እመለሳለሁ። ቀለበቱን የሰማሁት ከራሷ ነው፣ በስልክ ለጓደኛዋ ስታስረዳ። ከእሷ ኋላ ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ወጣሁ። አውቶቡሱ ላይ ወንበር ሲለቁልኝ እምቢ አልኩ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ሲነጥረን ግን ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሁለት ጊዜ ወርጄ ልመለስ አሰብኩ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ወርጃለሁ፣ ፌርማታው ላይ ቆሜ ራሴን ሰድቤ የሚቀጥለው ላይ ተሳፈርኩ።

ካርድ አውጪው መስኮት ላይ ያለው ልጅ ጺሙ ገና አልበቀለም፣ ድምፁ ግን የገበያ ነው። ስም ሲለኝ የጎረቤቴን የጸጉር ሠሪዋን ስም ሰጠሁት፤ ብትሰማ ትገድለኛለች፣ ከእኔ በአሥራ ሦስት ዓመት ታንሳለች። ከኋላዬ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተሰልፈዋል።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«ወገቤን።»

«ወገብ ሦስተኛ ፎቅ ነው እማማ፣ እዚህ የሴቶች ነው።»

«እኔስ ምን መሰልኩህ?»

«ሰልፍ አለ እኮ! ምንዎን ነው?»

«የሚወርድ ነገር አለኝ።»

«ከየት ነው የሚወርደው?»

«አንተ በወጣህበት።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ማኅተሙን መታ። ውስጥ ስገባ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ የተደረደሩት ሴቶች ሁሉ አንዷ ወደ ግራ አንዷ ወደ ቀኝ አዘንብለዋል፣ ነፋስ ያጎነበሰው ማሳ ይመስላሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት በዓለም ላይ ብቻዬን እንዲህ የምቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ቅጥ የሌለው ንዴት ያዘኝ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም። አጠገቤ የነበረችው ልብስ አጣቢ ናት፣ እጇ በሳሙና ነጥቷል። ሰላም እንኳ ሳትለኝ «በስንተኛሽ ነው?» አለችኝ።

«በአምስተኛዋ። አንቺስ?»

«በመንታዎቹ። ባልሽ ያውቃል?»

«የጠላሁት መስሎት ሞተ።»

ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ከመጨረሻዋ ልጃችን በኋላ አልጋዬን ለየሁ፤ መጀመሪያ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ተቆጣ፣ ከዚያ ተወው፣ ከዚያ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ተከራይ ሆነን ሃያ ዓመት ኖርን። ይህን ይመስላል ብዬ አንድ ቃል ብነግረው ኖሮ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። አሁንም የማላውቀው እሱን ነው።

ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ እጇ ለስላሳ ነው። አስተኛችኝ፣ «ያስሉ እስቲ፣ ያምጡ እስቲ» አለች፣ ምልክት ባለው ዘንግ ለካችኝ፣ ጻፈች። ዕድሜ አለችኝ፣ ነገርኳት። ስንት ወለዱ አለችኝ፣ ነገርኳት። ባል አለችኝ፣ ሞቷል አልኳት። ብዕሩ ሞቷል የሚለውን ጽፎ ቆመ። ሌላ ጥያቄ ጠበቅሁ፤ አልነበረም። «እዚሁ ይተኙ፣ ሐኪሞቹ ይመጣሉ። ዕድለኛ ነዎት እማማ፣ የመሣሪያ መቀቀያው ማሽን ተበላሽቶ ቀዶ ሕክምና ስለተሰረዘ ዛሬ ትልልቆቹ ሁሉ እኛ ጋ ናቸው።» መጋረጃውን ስባብኝ ሄደች።

ትልልቆቹ ካሉ ልጄም አለች። ልብሴ ከመጋረጃው ወዲያ ወንበር ላይ ነው፤ ከወገቤ በታች አንሶላ ብቻ ነው ያለኝ። ተነሥቼ እጄን በመጋረጃው ሥር ሰደድኩ፣ አልደረሰም። በዚያው ቅጽበት በሩ ተከፈተና ጫማዎች ገቡ። መጋረጃው ከወለሉ አንድ ስንዝር አጥሮ ስለነበር ጫማ ጫማውን አያለሁ፤ ጥቁር የወንድ ጫማ፣ ሦስት አራት የተማሪ ጫማ፣ አንድ ነጭ ጫማ። ነጩን ቅዳሜ ዕለት በብሩሽ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

«እንደ ልማዳችን» አለ የጥቁሩ ጫማ ባለቤት። ድምፁ የጠገበ ነው፣ ፕሮፌሰሩ መሆን አለበት። «ቀዶ ሕክምናው ቢቀርም ፈተናው አይቀርም። ካርዱን ብቻ አንብቢ። ሴትዮዋን ሳታዪ ወስኚ፣ ከዚያ ገብተን እናረጋግጣለን። ጥሩ ሐኪም ካርድ ላይ ነው የሚታወቀው።»

ልጄ ማንበብ ጀመረች። ማሕፀኔን በልጄ ድምፅ ሰማሁት። «የሰባ አንድ ዓመት ሴት። አምስት የወለደች። ባሏ የሞተ። ማሕፀኗ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ አራተኛ ደረጃ።» ድምጿ ቀጥ ያለ ነው፤ ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

«ምን ታደርጊላታለሽ?»

«መዝጋት ነው የሚሻለው።» ከዚያ ለተማሪዎቹ አስረዳች፤ የፊቱን ግድግዳ ከኋላው ጋር መስፋት፣ እንደ ኪስ መድፈን፣ ማለት ነው አለች። አጭር ነው፣ ብዙ ደም አይፈስም፣ ተመልሶ አይወርድም። «ባል ስለሌላት አያስፈልጋትም» አለች።

«በጣም ጥሩ» አለ ፕሮፌሰሩ።

አያስፈልጋትም። እኔ እዚህ ተኝቼ፣ እግሬ እየበረደኝ፣ ምን እንደሚያስፈልገኝ ከመጋረጃው ወዲያ ተቆረጠ። ዝም ብል ልጄ አለፈች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የለፋችለት ቀን ነው፣ እንቅልፏን ያጣችለት፣ ባል ሳታገባ የቀረችለት። ዝም ብዬ፣ ፊቴን በአንሶላ ሸፍኜ፣ ሲገልጡት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ አዎ አዎ ብዬ ብወጣስ? ማን ያውቃል? ከዚያስ? በቀጠሮው ቀን ላልመጣ እችላለሁ። እንደ ኖርኩት መኖር እችላለሁ። ሰዓት ሠሪውን ደግሞ አይሆንም እለዋለሁ፣ ምክንያቱን አልነግረውም፣ እሱም እንደ ባሌ የመሰለውን ይመስለው። ይህን ሳስብ ነው አፌ ራሱ የተከፈተው።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው የምትዘጉት?»

ጫማዎቹ ሁሉ ባሉበት ደረቁ።

«ባል የለኝም፤ ጠያቂ ግን አለኝ!»

አንዱ ተማሪ ሳቁ አምልጦት ሳል አስመሰለው። ነጩ ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። መጋረጃው ተገለጠ። ልጄ ካርዱን በደረቷ አቅፋ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ደም የለም።

«እማዬ?»

«እናትሽ ናቸው?» አለ ፕሮፌሰሩ። ሽማግሌ ነው፣ ግን ከእኔ ያንሳል።

«ካርዱ ላይ ያለው ስም... ሌላ ነው...»

«ስሙ የጸጉር ሠሪዋ ነው» አልኩ፣ «ማሕፀኑ ግን የኔ ነው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ይቅርታ ያድርጉልን እናቴ። ልጅ ወላጁን አይመረምርም፣ ደንብ ነው። ሌላ ሐኪም እጠራለሁ።»

«እሷ አትመርምረኝ። ትጠይቀኝ። መጠየቅ ደንብ የለውም አይደል?»

ፕሮፌሰሩ ልጄን አየ። ተማሪዎቹ ወለሉን አዩ። ልጄ ሮጣ የምትወጣ መስሎኝ ነበር፣ እኔ ብሆን እወጣ ነበር። ከዚያ ባለጎማ በርጩማውን በእግሯ ሳብ አድርጋ፣ ፊቷ ከፊቴ ትክክል እስኪሆን ድረስ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። የማታውቀኝ ይመስል አንቱ አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚወርድብዎት?»

ለምን አልነገርሻትም ላለኝ ሰው መልሱ ይህ ነው። አሥር ዓመት ብላት ማን ይመሰክርብኛል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጠይቂኝ ብዬ አስቀምጫት እንዴት እዋሻለሁ?

«ሠላሳ አምስት ዓመት ከአራት ወር።»

ስትቆጥር አየኋት። ልጄ ቁጥር ላይ ፈጣን ናት። ብዕሯ ካርዱ ላይ ነጥብ አሳርፎ ቀረ፤ ዓይኗ ሞላ፣ አልፈሰሰም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ለእኛ ግን ገብቶናል።

«ጭንቅላትሽ ትልቅ ነበር» አልኳት። «አሁንም ትልቅ ነው። ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ያምዎታል ወይ አለች። ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ ወይ፣ ሌሊት ስንቴ ይነሣሉ፣ በዚህ ምክንያት ምን ምን ሥራ ተዉ፣ የት የት መሄድ ተዉ። የተውኩትን ስቆጥርላት ራሴም ደነገጥኩ፤ አንድ በአንድ ስለተውኩት ብዛቱን አላወቅሁትም ነበር። በመጨረሻ «እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» አለች።

«እንዲሰቀልልኝ እፈልጋለሁ። እንዲዘጋብኝ አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ካርዱ ላይ አይጻፍም።»

«አይጻፍም» አለች፣ «ግን ማን ነው ጠያቂው?»

«አሁን ሐኪም ነሽ። ልጅ ስትሆኚ ቤት ትጮሂብኛለሽ።»

ፕሮፌሰሩ ተማሪዎቹን አስወጣቸው። ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተያዘልኝ፣ ራሱ ሊሠራኝ። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አይነሣም፣ ባልዲ የለም፣ ጀሪካን የለም፣ ዘምቢል የለም አለኝ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረ። «ስፌትሽን ሦስት ዓመት አይቻለሁ፣ እንከን የለውም። ዛሬ ግን አላለፍሽም። በሚቀጥለው ወር እንደገና።»

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ ምን?»

«ሳታዪ ወስኚ ያልካት አንተ ነህ። በጣም ጥሩ ያልካትም አንተ ነህ። አንተን ማን ነው የሚጥልህ?»

ልጄ «እማዬ በፈጠረሽ!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። እሱ ግን አልተቆጣም፣ አልሳቀም። መነጽሩን እንደያዘ ባዶውን አልጋ ሲያይ ትተነው ወጣን። የኔ ነገር፣ ከወጣሁ በኋላ ነው የገባኝ፤ ልጄ ፈተናዋን የወደቀችው በኔ አፍ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ልጄ እጇን ከወገቤ ሥር ሸጎጥ ታደርጋለች፣ ሲወጣ ትመልሳለች። በስምንተኛው ፌርማታ ላይ፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች፣ «አባዬ ያውቅ ነበር?» አለች።

«አያውቅም።»

«እኔም አላወቅሁም» አለች፣ ቀስ ብላ። «በየቀኑ እያየሁሽ።»

«ባታውቂ የፈለግሁት እኔ ነኝ። አሁን አታልቅሺብኝ፣ ሰው ያየናል።»

አላለቀሰችም። አፍንጫዋን ጠረገችና «ሰውየው ማን ነው?» አለች።

«ሰዓት ሠሪው።»

«የጥጉ? ያ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፈው?»

«እሱ።»

«ልታገቢው ነው?»

«ገና አልመለስኩለትም። አስብ ነበር። አንቺ አያስፈልጋትም ስትዪ ነው አስቤ የጨረስኩት።»

ልጄ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቀች ነው። ስንወርድ «አብሬሽ ልምጣ» አለች። አትመጪም፣ ወደ ቤት ሂጂ፣ ሳትበዪ ነው የዋልሽው አልኳት። እሺ ብላ መንገዱን ተሻገረች፤ ግን አልሄደችም። ማዶ ካለው ጫማ ቤት መስኮት ፊት ቆማ ጫማ ታያለች፣ የወንድ ጫማ።

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ እንደደቀነ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ጤፍ የሚያካክሉ የሰዓት ጥርሶችና ብሎኖች በወረቀት ላይ ተዘርግተዋል። ስገባ ቀና ሳይል «ዛሬ ቀስ ብለሽ ነው የተራመድሽው» አለኝ። አካሄዴን ሲሰማ ኖሯል ማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን አፍር ነበር። ሥራህን አቁም አልኩት፣ አቆመ። ነገርኩት። ሳላሳጥር፣ ሌላ ስም ሳልሰጠው፣ ለነርሷ እንደነገርኳት ነገርኩት። ባሌንም ነገርኩት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይቀድዱኛል አልኩት። ማጉያውን ከዓይኑ አወረደ፤ ዓይኑ ዙሪያ ክብ ቀይ ምልክት ቀርቷል። ሊያይብኝ የማይገባ ነገር እንዳያይ ይመስል ወለሉን አላየም፣ እኔን ነው ያየኝ።

«ያስፈራሻል?»

«በጣም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ስድስት ሳምንት ጀሪካን ማንሣት የለም። ባልዲም፣ ዘምቢልም።»

«ታዲያ ማን ሊያነሣልሽ ነው?»

«እሱን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

ብሎኖቹን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ብሎኖቹን አየ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰዓት ሁሉ በየራሱ ይቆጥራል፣ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። በመስኮቱ በኩል ልጄ ጫማ ቤቱን ትታ፣ መኪና እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ወደኛ መንገዱን ስታቋርጥ አየኋት።

«ቶሎ በል» አልኩት፣ «ሐኪሟ እየመጣች ነው።»